አላርም መስሎን

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ባለቤቴ ብርሃንነሽ «ትንሽ ይብረድልህና ጻፈው» ብላኝ ነበር። ከበረደልኝማ ለምን እጽፈዋለሁ? ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ፀጉር ቤት አለኝ። በረደልኝ ባልኩ ቁጥር አንዱ መጥቶ ወንበሬ ላይ ይቀመጥና ያንኑ ወሬ ከመጀመሪያው ይጀምርልኛል፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው። እኔ የምለውን ተቀምጦ የሚሰማኝ አላገኘሁም። ስለዚህ ያልሰማኝ ያንብበው።

እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የሚጠሩት አባ ጣሪቅ ናቸው። ጣሪቅ የበኩር ልጃቸው ነው፤ ሰኮሩ ከተማ ላይ ጎማ ይጠግናል። እሳቸውን በሌላ ስም የሚጠራቸው የለም። ቀን ቀን አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሰፋሉ። እግራቸው ቀጭን፣ ጃኬታቸው ሰፊ፣ ወሬያቸው አጭር ነው። የእድሩን ጥሩምባ የያዙ ቀን ግን ሌላ ሰው ናቸው። በየመታጠፊያው ይቆማሉ፣ ሁለት ጊዜ ይነፋሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። በዚያ ዝምታ ሰው ሬዲዮውን ይዘጋል፣ ልጁን ዝም ያሰኛል። «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላሉ ቀጥለው። ያንኑ በኦሮምኛ ይደግሙታል፤ «ኦላ! ወል ደጌሲሳ!» የሟቹን ስም ወዲያው አይጠሩም። መጀመሪያ «የእገሌ አባት» ወይም «የእገሊት እናት» ይላሉ፤ ሰው ልቡን አዘጋጅቶ ስሙን እንዲሰማ ነው። ከስሙ ቀጥሎ የቀብሩ ሰዓት ይመጣል። በመጨረሻ «ውጡ!» ይላሉ። ውጡ ሲሉ እስላሙም ክርስቲያኑም ይወጣ ነበር።

አንድ ጊዜ ለጽዳት ዘመቻ ሰው እንዲጠሩ ተጠይቀው ነበር። «ይሄ ጥሩምባ ሞት እንጂ ጽዳት አያውቅም» አሉና ጆንያቸውን መስፋት ቀጠሉ። የጠየቃቸው ሰውዬ ተቀየማቸው። ይቀየማ! ለሁሉ ነገር የሚነፋ ጥሩምባ ለሞት ሲነፋ ማን ከአልጋው ይነሳል?

ፍሬዘር የሰፈራችን ልጅ ነው። የመጀመሪያ ፀጉሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እናቱ ጭኗ ላይ ጠፍንጋ ይዛው፣ ጆሮዬ እስኪደነቁር እየጮኸ። አሁን አዲስ አበባ «ቀበሌ ዜሮ» የሚባለው የካርቱን ኮሜዲ ላይ የድምፅ ባለሙያ ሆኗል። «ቀበሌ ዜሮ» በየሳምንቱ ዩቲዩብ ላይ ይለቀቃል። ጭንቅላቱ ማኅተም የሆነ ሊቀመንበር አለው፤ ወረፋ ላይ ቆመው ሸረሪት ያደራባቸው ባለጉዳዮች አሉት። ሹሙንም ነጋዴውንም እኛንም ይሰድባል፤ እኛም እየተሰደብን እንስቃለን።

ይህ ፍሬዘር አምና ለበዓል መጥቶ አባ ጣሪቅን መንገድ ላይ አቆማቸው። «ለሥራ ፈልጌው ነው፣ አንድ ጊዜ ይንፉልኝና ልቅዳዎት» አላቸው።

«ማን ሞተ?» አሉት።

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው አይነፋም። ያለ ሞት ከተነፋ ሞት ይጠራል።»

ፍሬዘር ሳቀና «እሺ፣ ተውኩት» አለ። ለካ አልተወውም። በዚያው ሰሞን በርጩማ ሠሪው ሸኩር ሞተ። ሸኩርና አባ ጣሪቅ አብሮ አደጎች ነበሩ፤ ማታ ማታ አንድ ደጃፍ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ሸኩርን ሲጠሩ ድምፃቸው እስከ ስሙ ድረስ ደህና ሄደና «ውጡ!» ላይ ሲደርስ ተሰነጠቀ። እኔም ሰምቼዋለሁ። ፍሬዘር ደግሞ በእናቱ ቤት መስኮት ስልኩን አውጥቶ ከነስንጥቁ ቀድቶታል።

በዚህ ዓመት ሰኔ ላይ አንድ የካርቱኑ ክፍል ወጣ። ቀበሌ ዜሮ ውስጥ ስፖንሰር ያላገኘ ነገር አይፈጸምም፤ ሞትም ቢሆን። አፉ ድምፅ ማጉያ የሆነ ለፋፊ ጥሩምባውን ይነፋና «ያልሰማህ ስማ!» ይላል። የሟቹን ስም በሚጠራበት ቦታ የሳሙና፣ የፍራሽ፣ የብድር ማስታወቂያ ያነባል። ሟቹ ከሬሳ ሳጥኑ ቀና ይልና የተሳሳተውን ስልክ ቁጥር ያርመዋል። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ አልክድም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ላይ ሳይቀር ማስታወቂያ በሚሰቀልበት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር መሠራቱ ደግ ነው። ለፋፊው የሚጮኸው ግን በተዋናይ ድምፅ አልነበረም። ጥሩምባው የአባ ጣሪቅ፣ «ያልሰማህ ስማ»ው የአባ ጣሪቅ፣ የተሰነጠቀው «ውጡ!»ም የአባ ጣሪቅ ነበር።

ሰው በሳቅ አበደ። ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት ደንበኞቼ ወንበሬ ላይ ሆነው ጮክ ብለው ያነቡልኝ ነበር። «ሆዴ ሊፈነዳ ነው።» «ይህ ተዋናይ ሽልማት ይገባዋል።» «እኔ ስሞት እሱ ይጥራልኝ።» «ውጡ የምትለዋን መቶ ጊዜ ደጋገምኳት።» አንዷማ «ድምፁ ሲሰነጠቅ ሞትኩ» ብላ በሳቅ የሚያለቅሱ ፊቶች ደርድራለች። ከዚያ ሁሉ ሺህ ሰው መሃል ይህ ድምፅ ለምን ተሰነጠቀ ብሎ የጠየቀ አንድ የለም።

ሌላው አገር አያውቅም እንበል። ጊንጆስ? ጊንጆማ የኛ ነው ብላ ኮራች! ባጃጅ ነጂው በክላክስ ፋንታ «ውጡ!»ን ይለቃል። ልጃገረዶች በዚያ ድምፅ አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ቲክቶክ ይሠራሉ። የካፌው ሙርሺድ ማኪያቶ ሲደርስ ከባንኮኒው «ውጡ!» ብሎ አስተናጋጁን ይጠራል፤ ደንበኛው ይንከተከታል። ከሁሉ የከፋው ግን አላርሙ ነበር። አንዱ ጥሪውን ቆረጠና ለአላርም እንዲሆን አድርጎ በቴሌግራም በተነው። በሳምንቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አባ ጣሪቅ ከየቤቱ ይጮኹ ጀመር። ሰው እጁን ከብርድ ልብሱ ያወጣና ይዘጋቸዋል። ከዚያ ይገለበጣል።

እሳቸው ክፍሉን ያዩት ሙርሺድ ካፌ በረንዳ ላይ ነው። ካፌው ከፀጉር ቤቴ ጋር በር ለበር ስለሆነ በሰው አልሰማሁም፤ ቆሜ አይቻለሁ። ከሥራ ሲመለሱ ጠርተው አስቀመጧቸው፤ ሻይ አዘዙላቸው። ሙርሺድ ስልኩን ፊታቸው ደቀነ። ባጃጅ ነጂው ሀቢቡላህ ደግሞ በራሱ ስልክ የሳቸውን ፊት ይቀርጻል። «ሪአክሽን» ይሉታል፤ ሰው ሲያይ ማየት መሆኑ ነው። ካርቱኑ አልበቃ ብሏቸው ሰውዬውን ካርቱን ሊያደርጓቸው።

«አባ ጣሪቅ፣ እርስዎ ነዎት እኮ! ስታር ሆኑ ዋላሂ!» አለ ሀቢቡላህ።

እስከ መጨረሻው አዩት። ፈገግ እንኳ አላሉም። «መልሰው» አሉ። ሙርሺድ መለሰው። «ውጡ!» ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ቀና አሉ።

«ይሄ ሸኩር ነው» አሉ።

«የቱ፣ ሬሳው?» አለ ሙርሺድ። «ኧረ ማሎ አባ ጣሪቅ፣ እሱ እኮ ሥዕል ነው።»

«ሬሳውን አላልኩም፣ ጥሪውን ነው። ሸኩርን የጠራሁበት ነው። ስሙን ቆርጠው አወጡና ሳሙና ከተቱበት።»

ሙርሺድ ስልኩን ከፊታቸው አነሳ። እሰይ፣ ገባቸው ብዬ ነበር። ከዚያ ሀቢቡላህ «ሸኩርም ቢሰማው ይስቅ ነበር አባ፣ አያካብዱ» ሲል ያ ሁሉ በረንዳ ፈነዳ።

«እናንተ የምትስቁበት ቦታ እኔ ያለቀስኩበት ነው» አሏቸውና ሻዩን ሳይነኩት ተነስተው ሄዱ።

እኔ ከበሬ ላይ ሆኜ «ያንን የቀረጽከውን አጥፋ!» አልኩት ሀቢቡላህን። «ጋሼ፣ ቫይራል ሊሆን ነው እኮ» አለኝ። እንዳለውም ሆነ። «ሽማግሌው ተናደዱ» ብሎ ለጠፈው፤ ከመጀመሪያውም የበለጠ ተሳቀበት። «እንዲህ የሚናደድ አያት በኖረኝ» ብሎ የጻፈም አለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ እሰማ ነበር። ጊንጆን ሲወስዳት ያየሁት ግን ያኔ ነው።

ጎረቤታችን አዴ ዙቤይዳ የሞቱት ሐምሌ ላይ፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው ከሱብሒ ሶላት ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ መሆኑ ነው። ከኛ ጋር ግድግዳ ይጋራሉ፤ የልጃቸውን የሱሀይላን ጩኸት በግድግዳው በኩል ሰምተን እኔና ብርሃንነሽ በነጠላ ጫማ ሮጥን።

አዴ ዙቤይዳ መንደራ ቆጪ መንገድ ዳር ሻይና ዳቦ ይሸጡ ነበር። ሌላው ሥራቸው ግን ክፍያ የሌለው ነው፤ የሰፈሩን ሙስሊም ሴቶች ሬሳ የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ። የእድሩን ዳኛ የአብዱልሃዲን እናት አጥበዋል። የሙርሺድን እህት አጥበዋል። የሀቢቡላህን አያት፣ ሰውነቷ ቆስሎ የገዛ ልጆቿ ሲሸሹ፣ ብቻቸውን ገብተው አጥበው ከፍነዋል። የኔ እናት የሞተች ቀን ደግሞ ድንኳኑ ሳይተከል የውሃ እንስራ አዝለው የደረሱት እሳቸው ናቸው። ይህን የማያውቅ ጊንጆ ውስጥ የለም፤ ሁሉም ያውቃል።

ለራሳቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በእስልምና አንድ ሟች ላይ አርባ ሰው ቆሞ ከሰገደለት ዱዓቸው ተቀባይነት ያገኛል ይባላል። አዴ ዙቤይዳ ይህን እየደጋገሙ ያነሱት ነበር። «ድግሱንም ድንኳኑንም አልፈልግም፤ አርባ ሰው ይስገድልኝ፣ ደግሞ አታቆዩኝ፣ ቶሎ አውጡኝ» ይሉ ነበር። «ለዚህች እንኳ አላንስም» ብለው ይስቁም ነበር። ማን ያንሳሉ ይላል? ያን ሁሉ ሰው ያጠበች ሴት በጊንጆ አርባ ሰው ታጣለች ብሎ ማን ያስባል?

ሱሀይላ ያላቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ልጆች ቁርአን ታስቀራለች። ዘመዶቻቸው አጋሮ ናቸው፤ በዚያ ዝናብ ከእኩለ ቀን በፊት አይደርሱም። ሰፈሩ አለ ብለን ኢማሙም እኛም ተስማማንና ቀብሩ ሦስት ሰዓት ላይ እንዲሆን ተወሰነ። አባ ጣሪቅ ዝናቡን ለብሰው ወጡ። አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነበር።

ከየመታጠፊያው ሰማኋቸው። ሁለት ጊዜ ነፉ፣ ዝም አሉ። «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ኦላ! ወል ደጌሲሳ! የሱሀይላ እናት፣ አዴ ዙቤይዳ አርፈዋል! ቀብራቸው ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ውጡ!» ድምፃቸው አልደከመም ነበር። ስሙን ጠርተዋል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን በየመታጠፊያው። ያንን ስም እስከሚሰማ ድረስ ጆሮውን የሰጠ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አይኖረኝም።

ማንም አልመጣም።

የእድሩ ድንኳንና ወንበር የተቆለፈበት ቁልፍ አብዱልሃዲ ጋ ነው፤ ብንደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ደጃፉ ላይ ላስቲክ ወጠርንና ከቤታችን ሁለት አግዳሚ አወጣሁ። የሱብሒ ሶላት የማይቀርባቸው ሽማግሌዎች አንድ ሁለት እያሉ መጡ። አፊፋ የምትባል የጎረቤት ሴት ከሱሀይላ ጋር ገብታ አዴ ዙቤይዳን አጠበች። አግዳሚዎቹ ግን አልሞሉም። ሱሀይላ እናቷን ከፍና ወጥታ መንገዱን ግራና ቀኝ አየች። ጭቃውና እኛ ብቻ ነን።

«አባ ጣሪቅ አልጠሩም እንዴ ጋሼ?» አለችኝ።

«ጠርተዋል። እኔው ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ሰው የት ሄደ?»

ዝናቡ ነው ልበል? ጊንጆ ከዚህ የባሰ ዝናብ ላይ ስንት ሰው ቀብራለች። «ቆይ፣ ቤት ለቤት ልሂድና ላንኳኳ» ብዬ ጃኬቴን ሳነሳ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«አይሆንም» አለች። ዓይኗ ደርቆ ነበር። «እናቴ ተለምና የማንንም ሬሳ አጥባ አታውቅም። ጥሪ ሰምታ ነው የምትሄደው። ለእሷ ቀብር በር እየተንኳኳ ሰው አይለመንም። ቶሎ አውጡኝ ብላለች፣ አውጧት።»

ኢማሙ ትንሽ እንጠብቅ አሏት፤ እምቢ አለች። ሽማግሌዎቹ ቃሬዛውን አነሱ። እንደ ደንቡ ተሸካሚ በየጥቂት እርምጃው ይፈራረቃል፤ እኛ ግን የምንፈራረቀው ያው እርስ በርሳችን ነበር። አባ ጣሪቅ ጥሩምባቸውን በጀርባቸው አንግተው አንዱን ጫፍ ያዙ። ትከሻቸው ላይ ጆንያ እንጂ ሬሳ የሚችል ሥጋ የለም፤ ይዘውት ሄዱ።

«እስከ ላይኛው መታጠፊያ ሄጄ ነበር» አሉኝ እየተነፈሱ። «አልተሰማም ይሆን? ድምፄ ጠፍቷል እንዴ?»

«አልጠፋም አባ ጣሪቅ። ተሰምቷል።»

«ተሰምቶማ ሰው አይቀርም» አሉ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጭቃ፣ ጥፋቱን በራሳቸው ጉሮሮ ላይ ፈለጉት።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ ለሶላቱ ቆሙ። ኢማሙ ዞር ብለው አዩን። ሰው ሲያንስ ሙስሊሞች የሚያደርጉት አለ፤ ያሉትን ጥቂት ሰዎች በሦስት ሰልፍ ይከፍሏቸዋል፤ ሦስት ሰልፍ የሰገደበትም ተስፋ አለው ይባላል። ኢማሙ ያንን አደረጉ። አንዱ ሰልፍ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ፤ ከጎናቸው ባዶ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ለሶላቱ አልቆጠርም። ዳር ላይ ቆሜ ያንን ባዶ ቦታ አየሁት። እጄን ቢቆጥሩልኝ፣ ጥላዬን ቢቆጥሩልኝ ምን ነበረበት አልኩ። በየአልጋው ላይ የተጋደመውን፣ መስገድ የሚችለውን፣ የሚቆጠረውን ሁሉ በስሙ እየጠራሁ በሆዴ ረገምኩት።

ስንመለስ ሙርሺድ የካፌውን በር እየከፈተ ነበር። ዓይኑ አብጧል። ባዶውን ቃሬዛ ሲያይ ደነገጠ።

«ኢና ሊላሂ! ማን ነው?»

«አልሰማህም?» አልኩት።

«አልሰማሁም ዋላሂ... ቆይ፣ ጠዋት አንድ ነገር ጮኾ ነበር።» አባ ጣሪቅን አየና አንገቱን ደፋ። «አላርም መስሎኝ። የኔን ስልክ አየሁት፣ አልነበረም፤ የጎረቤት ነው ብዬ ተኛሁ።»

«አላርም ምንድን ነው?» አሉ አባ ጣሪቅ።

አያውቁም ነበር። በየቤቱ በየጠዋቱ ሲጮኹና ሲዘጉ እንደከረሙ ማንም አልነገራቸውም። እኔ ነገርኳቸው። ሙርሺድ እንዲነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ካፌው በር ዞረ። ሰምተው ሲጨርሱ ቃሬዛውን ወደ መስጊድ ለመመለስ ቀድመው መሄድ ጀመሩ።

ሱሀይላ በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን። እኔን ነጠል አድርጋ «አርባ ሞሉ?» አለችኝ።

«ሦስት ሰልፍ ቆሙ» አልኳት።

የቁርአን አስተማሪ ናት፤ ሰው መቼ በሦስት ሰልፍ እንደሚከፈል ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ራሷን ነቀነቀችና ገባች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው፤ በግድግዳው በኩል እስከ ማታ ሰማናት።

ከሰዓት በኋላማ ሰው እንደ ጎርፍ ነው የመጣው። አብዱልሃዲ ድንኳኑን ራሱ ተከለ። ሁሉም «አላርም መስሎን» ይላል፤ ሁሉም ደረቱን ይመታል። ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ሀቢቡላህ ነበር። ሰኞ ጠዋት ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ራሱን እንደላጨሁት ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ያው ነው! «ያልሰማህ ስማ!» አዴ ዙቤይዳን ከቀበርን ገና አንድ ቀናችን።

«ተነስ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ረስቼው ነው፣ አሁን እቀይረዋለሁ...»

«ተነስ አልኩህ! ውጣ!»

ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ጎፍሮ ወጣ። ብርሃንነሽ አብዝተሃል ብላኛለች። አላበዛሁም። ቢያንስ አንድ ቀን በሰው ፊት መሳቂያ መሆን እንዴት እንደሆነ አይቶታል።

ከዚያ ደግሞ ሰፈሩ ንዴቱን ይዞ አዲስ አበባ ዘመተ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ትናንት «ሆዴ ሊፈነዳ ነው» ብለው የጻፉ ጣቶች ዛሬ «ጅማ ተደፈረች»፣ «ባህላችን ተዋረደ»፣ «ይዘጋልን» ይጽፋሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። «ቀበሌ ዜሮ» ይቅርታ ጠየቀ፤ ክፍሉንም አወረደው። ፍሬዘር እያለቀሰ ደወለልኝ። «አይነፋም ብለውህ ነበር» አልኩት። «ብለውኝ ነበር» አለ። ለእሱ አልፈርድለትም፤ የሰው ለቅሶ በመስኮት ሰርቆ የሸጠ ልጅ ነው። ግን ፍሬዘር ያን እሑድ አዲስ አበባ ነበር። ጊንጆ አልጋ ላይ የተኛው ፍሬዘር አይደለም።

በሳምንቱ እሑድ እድሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ፤ ለዚህማ ማን ይቀራል! አብዱልሃዲ ተነስቶ ረጅም ንግግር አደረገ። ካርቱኑን እንከሳለን አለ፤ የፍሬዘር እናት ከእድሩ ትሰረዝ የሚል ሐሳብም ቀርቧል አለ፤ ጭብጨባ ሆነ። እናትየው የኋላ ወንበር ላይ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ተቀምጣለች፤ እሷስ ያን ጠዋት የቀረችው ጉልበቷን ታማ ነው። ተነስቼ «መጀመሪያ ያን ጠዋት የተኛ ሁሉ ይሰረዝ!» ብዬ ጮህኩ። «ሥነ ሥርዓት!» ተባልኩ።

«አሁን ደግሞ» አለ አብዱልሃዲ፣ «ዋናው ተበዳይ አባ ጣሪቅ ናቸው። በድምፃቸው የተሠራውን ግፍ ራሳቸው ይናገሩልን። እንቀርጸዋለን፣ አገር ይስማው።» ሀቢቡላህ፣ ሙሉ ራሱን ተላጭቶ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቆመ። እንደገና ሪአክሽን መሆኑ ነው።

አባ ጣሪቅ ከማዕዘኑ ተነሱ። ያንን ሰፊ ጃኬት ለብሰዋል፤ ጥሩምባው በእጃቸው ነው። ወደ መድረኩ አልወጡም። በሩ ጋ ሄዱ፤ ፊታቸውን ወደኛ አዞሩና ሁለት ጊዜ ነፉ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስትሰሙት ሌላ ነው። ሴቶች እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ሕፃን የያዘች አፉን ያዘችው። ከኋላ አንዱ «ማን ነው? ማን ሞተ?» ሲል ሰማሁ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው ጠበቁ፤ ሀቢቡላህ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

«ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ኦላ! ወል ደጌሲሳ!» አሉ። ድምፃቸው አልተሰነጠቀም። «የሱሀይላ እናት፣ አዴ ዙቤይዳ አርፈዋል! ቀብራቸው ባለፈው እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር! ተኙ!»